ግንቡ እስከ ቆመ ድረስ

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ጀምበሬ፤ ነፋስ መውጫ።

አባባ፣ እንደምን ከረሙልኝ? የጉልበትዎ ቁርጥማት ዘንድሮ ማረዎት ወይስ እንደ ልማዱ ከዝናቡ ጋር አብሮ መጣ? ዓይንዎስ እንዴት ነው? ወንድሜ ዓባይ ሐኪም ቤት እወስዳቸዋለሁ ብሎ ከጻፈልኝ ዓመት ሊሞላው ነው። ወስዶዎት ከሆነ እግዜር ይስጠው፤ ካልወሰደዎት ግን ይህን ሲያነብ ይፈር። ከብቱስ፣ አዝመራውስ፣ ጎረቤቱስ ደህና ነው? እኔና ልጄ መላክ ጤናችን ሙሉ ነው። እኔ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ወረቀቱ ሳያልቅ እነግርዎታለሁ።

አንተ ዓባይ፣ ይህን ለአባባ የምታነበው አንተ ነህና አደራህን፤ ያስቆጣቸዋል ያልከውን እየዘለልክ እንዳታነብ። ባለፈው ጊዜ መዝለልህን ከመልሳቸው ገብቶኛል። ይቆጡ። ቁጣቸው እስከ ካርቱም አይደርስም፤ ቢደርስም ለምጄዋለሁ።

አባባ፣ ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩዎ መስመሩ ስለሚቆራረጥ ብቻ አይደለም። በስልክ እርስዎ ራስዎ ያቋርጡኛል። ወረቀት ግን ጸሐፊው እስኪጨርስ ዝም ብሎ ይሰማል።

በሐምሌ የላኩት ደብዳቤ ደርሶኛል። ሰውየው ሞቷል፣ ልጅሽ ደርሳለች፣ በሰው አገር የሰው ግንብ ስትጠብቂ ከምታረጂ ተነሥተሽ ነዪ ብለዋል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው አለቀስኩ፤ በሁለተኛው ተናደድኩ። መልሱን ሳልጽፍ የቆየሁት ንዴቴ እስኪበርድ ነበር፤ አልበረደም፤ እንዲሁ ልጻፈው።

እንደሚያውቁት ባሌ አዋድ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። በእነሱ ሕግ ክርስቲያን ሚስት ሙስሊም ባሏን አትወርስም። ይህን ሳገባውም አውቀው ነበርና ማንንም አልወቅስም። ግማሹ ለልጃችን ለመላክ፣ የቀረው ለእናቱ ለሐጃ አሚናና ለወንድሙ ለዐብደልወሃብ ደረሰ። ሽማግሌዎች ገብተው ቤቱንና የአትክልት ቦታውን ለመላክ፣ ሐጃ አሚና የሚኖሩበትን የወዲያኛውን ግቢ ለእናትና ልጅ ሰጡ። ድንበሩ አዋድ መላክ የተወለደችበት ዓመት ያቆመው የቀይ ጡብ ግንብ ሆነ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ ውስጥ፣ ግንቡ እስከ ቆመ ድረስ ድንበሩ እሱ ነው፣ ከወደቀ መሬቱ እንደገና ይለካል የምትል አንዲት መስመር ገባች። ያን ዕለት ልብ ብሎ ያያት ሰው አልነበረም፤ ከዐብደልወሃብ በቀር።

እንደገና ቢለካ የእነሱ ግቢ ጠባብ ነው ተብሎ የአትክልት ቦታዬ እስከ ቧንቧው ድረስ ተቆርሶ ይሄዳል። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ያሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች ጎመኑን፣ በሶብላውን፣ ጤና አዳሙን፣ ቃሪያውን ከእኔ ነው የሚወስዱት። እንጀራዬ እሱ ነው። ያ ቦታ ከሄደ ተመልሼ የሰው ልብስ አጣቢ እሆናለሁ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አዋድ እስኪያገባኝ ድረስ የሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ አልመለስበትም።

ዐብደልወሃብ ክፉ ነው አልልዎትም። ግንቡን አንድም ቀን በእጁ አልነካውም። ግቢውን በአፈር ሞልቶ ከፍ አደረገና ሸክላ አነጠፈበት፤ ሲያነጥፈው ግን ሁሉም ወደ ግንቡ እንዲያዘነብል አድርጎ ነው። የጣሪያውንም የአሸንዳ አፍ ወደ ግንቡ አዞረው። ምነው ስለው፣ ያ የኔነሽ፣ እኔ ምን አደረግሁ፣ ኸሪፉ ይፍረድ አለኝ። ያ እያሉ ነው ሰው የሚጠሩት፤ ኸሪፍ የሚሉት ደግሞ ክረምታቸውን ነው። እንግዲህ ዱላ ሳያነሣ ሰማዩን ላከብን ማለት አይደል?

አሁን የሚያስቆጣዎት ይመጣል። ዓባይ፣ እንዳትዘል! ባለፈው ዓመት የጡቡ ገላ መላጥ ሲጀምር ምን ላድርግ ብዬ ጻፍኩልዎ። እርስዎም ራሱን ክደኚው፣ እግሩን በሲሚንቶ ልሰኚው አሉኝ። የግንበኛ ትእዛዝ ነውና ምንም ሳላጓድል ፈጸምኩ። እንደ ነፋስ መውጫ አጥር ጫፉን በቆርቆሮ ከደንኩት፤ ከእግሩ እስከ ወገቡ ሲሚንቶ አለበስኩት። ሙሽራ መሰለ። ክረምቱ ሲወጣ ሲሚንቶው እንደ ቂጣ እየተነሣ ወደቀ፤ ሲወድቅም የጡቡን ቆዳ ይዞት ወረደ። ከሥር ያለው ጡብ ጣቴን ስሰድበት እንደ በሶ ፈረሰ፤ ላዩ ላይ ነጭ ጨው ወጥቶበታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው እኔ ሆንኩ። የግንቡን ራስ ስጠብቅ እግሩን አስበላሁ።

አባባ፣ የእርስዎ አገር ተዳፋት ነው። ውኃ ይመጣል፣ ይሄዳል። ካርቱም ግን እንደ መዳፍ ዝርግ ናት፤ የወረደው መሄጃ አጥቶ ይቀመጣል፣ ግንቡም ከሥሩ ይጠጣዋል። የጠጣውን በላብ እንዳያወጣው ደግሞ እኔና እርስዎ በሲሚንቶ አፈንነው። ይህን የነገረኝ ሀሰን የሚባል የኦምዱርማን ሽማግሌ ነው፤ የጭቃ ምርጊት ሥራ ከአባቱ የተማረ ሰው ነው። ግንቡን አይቶ ሲስቅ ቆየና፣ ወላሂ እናንተ ሐበሾች ዝናብ ከሰማይ ብቻ የሚመጣ ይመስላችኋል፣ እዚህ አገር ከመሬት ነው የሚመጣው አለኝ። ቀጥሎ ጎመኔን በጣቱ አሳየኝ። ግንቡ ሥር ተክዬው ዓመት ከዓመት ጠዋት ማታ ውኃ የማጠጣው ጎመን ነበር። ያ ኡኽቲ፣ እህቴ ማለቱ ነው፣ በዐብደልወሃብ ታሳብቢያለሽ፣ ለዚህ ግንብ ኸሪፉ አንቺው ነሽ አለኝ። ተቆጥቼ ሻይ እንኳ ሳላቀርብለት ሸኘሁት። በማግስቱ ጎመኑን ነቀልኩና ሰው ልኬ አስጠራሁት።

ከግንቦት ጀምሮ ሥራው እሱ ሆነ። ሲሚንቶውን በመዶሻና በመሮ ልጬ አወረድኩት። ስልጠው የእርስዎን ቃል የምልጥ መስሎኝ እጄ ይከብደኝ ነበር፤ ግን አልተውኩትም። የበሰበሰውን ጡብ አንድ እያወጣን፣ ሁለት እያለፍን፣ በደንብ በተተኮሰ ጡብ ቀየርነው። ቆርቆሮውን ጣልነው፤ በምትኩ የጫፉን ጡብ ዘንበል አድርገን ከግንቡ ገላ ወጣ ባለ ክንፍ ደረደርነው፣ ጠብታው እልፍ ብሎ እንዲወድቅ። አትክልቱን ሦስት እርምጃ አራቅሁ፤ በመካከሉ ቦይ ቆፈርኩ። ቦዩን በበሩ ሥር አሳልፌ ከመንገዱ ዳር የውኃ መውረጃ፣ ኾር ከሚሉት ጋር አገናኘሁት። ኾሩ በፌስታልና በጠርሙስ ተደፍኖ ነበርና እሱንም እስከ መታጠፊያው ድረስ ጠረግሁ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየኛል። ይየኝ።

ቀጥሎ ምርጊቱ መጣ። እነሱ ዚባላ ይሉታል፤ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ እበት፣ ጭቃና ጭድ ነው። ሀሰን ሁለት ሳምንት ይቡካ፣ በየቀኑ ይረገጥ ሲል የእርስዎን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ሽታው ግን ሌላ ነው! የዐብደልወሃብ ሚስት ሩቀያ አፍንጫዋን ይዛ መጣችና፣ ያ የኔነሽ፣ እኛ ከገጠር ከወጣን ሠላሳ ዓመታችን፣ በአርካዊት ሰፈር እበት መለጠፍ ዐይብ አይደለም ወይ አለችኝ። ዐይብ ማለት ነውር ነው። እኔ ከገጠር አልወጣሁም፣ ይዤው ነው የመጣሁት አልኳትና ቀሚሴን ሰብስቤ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ይሽተት! የሚሸት ግንብ ከወደቀ ግንብ ይሻላል።

መላክም አፍራብኝ ነበር። ማተሚያ ቤት ነው የምትሠራው፤ ለሥራዋ ጎበዝ ናት፣ ጠብ ግን አትወድም። ዩማ፣ እናቴ ማለቷ ነው፣ ኸላስ፣ በቃ ተዪው፣ አጎቴ ይውሰደው፣ እኔ እቀልብሻለሁ አለችኝ። ልጄ ልትቀልበኝ! መሬቱ ያንቺ ነው፣ ግንቡ ግን የእኔ ነው አልኳት። ሦስት ቀን ተኳረፍን። በዕረፍት ቀኗ የጎማ ጓንት አድርጋ መጥታ ምርጊቱን ታቀብለኝ ጀመር። እበት በጓንት! ሳቄን ዋጥኩ፤ ብስቅባት ትሄድብኝ ነበር።

ረመዳን ሳይገባ ጨረስን። ደረቀ፣ ጠነከረ፣ ሽታውም ሄደ። ከዚያ በኋላ ነው የእርስዎ ተነሥተሽ ነዪ የሚለው ደብዳቤ የደረሰኝ። እንግዲህ ንዴቴን ይገምቱት።

ነሐሴ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ እነሱ ዒዳቸውን ሊጨርሱ፣ እኛ ፍልሰታን ጀምረን፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ቀላ። አቧራው ቀድሞ መጣ፣ ዝናቡ ተከተለ። በዚህ አገር ሃያ ስምንት ዓመት ስኖር እንዲህ ያለ አላየሁም። በሬዲዮ ሰምታችሁ ይሆናል፤ የስንት ድኻ ቤት ፈረሰ። የእኔ ቦይ ግን ይሮጥ ነበር። ነጠላዬን ደርቤ በረንዳው ላይ ቆሜ ሳይ ጠብታው ከክንፉ እየዘለለ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ደስ አለኝ። ዐብደልወሃብ በመስኮት ቢያየኝ ብዬ ተመኘሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ችግሩ ከግንቡ ወዲያ ነበር። ዐብደልወሃብ ውኃው ወደ ግንቡ እንዲሄድ አሰበ እንጂ ግንቡ እምቢ ካለ ወዴት እንደሚሄድ አላሰበም። ግቢው ገንዳ ሆነ። የእነሱ በር የሚወጣበት መንገድ ከግቢው ብሶ ወንዝ ሆኗል፤ የእኔ በር በሌላው መንገድ ነው። ውኃው የሐጃ አሚናን ደፍ አለፈ። ሐጃ አሚና እግራቸው ካልታዘዘላቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ክፍላቸው ደግሞ አሮጌ የጭቃ ቤት ነው፤ ሥሩ ከራሰ ላያቸው ላይ ይመጣል።

ዐብደልወሃብ የሆነ ነገር ላይ ወጥቶ በግንቡ ጫፍ ብቅ አለ። ዶማ ይዟል። ያ የኔነሽ፣ ግንቡን ክፈቺልን አለኝ። ዶማው በእጅህ ነው፣ ለምን አትመታውም አልኩት። እኔ ከመታሁት ድንበር አፈረሰ እባላለሁ አለ። አልዋሽዎትም አባባ፤ ኸሪፉ ይፍረድ አልኩት። ያንን ቃል ሦስት ዓመት ሙሉ አፌ ውስጥ ይዤው ኖሬያለሁ፤ ስተፋው ጣፈጠኝ። ወዲያው ግን ሐጃ አሚና ሲጣሩ ሰማሁ። የጠሩት ልጃቸውን አልነበረም፣ እኔን ነው። የኔነሽ፣ ውኃው አልጋዬን ነካ አሉ። መላክን ያዋለዱልኝ እሳቸው ናቸው። ያ የጣፈጠኝ ቃል መረረኝ።

መሮዬን አነሣሁ። በዶማ ቢመታ ውኃው ገፍቶ ግንቡን በሙሉ ይጥለዋል፤ ያን ደግሞ ለዐብደልወሃብ አላደርግለትም። ልጅ ሆኜ ከካብ ውስጥ ድንጋይ ስስብ፣ ሸክሙ የት እንዳረፈ ሳታዪ አትሳቢ ብለው የገሠጹኝ ጊዜ ነበር። አየሁ። ከእግሩ በኩል ጭቃውን ፈልፍዬ አንድ ጡብ ሳብኩ። ውኃው እንደ ክንድ ወፍሮ ወጣ። አራት እርምጃ ርቄ ሌላ ሳብኩ። ደግሞ ሌላ። መላክ የግንቡን ቀጥታ የምንለካበትን ቱንቢ ከጫፉ አውርዳ ይዛ፣ ግንቡ ወደ እኛ ቢያዘነብል ልትጮህ ጭቃው ውስጥ ቆመች። ጓንቷን አውልቃ ነበር። አምስት ቦታ ቀደድኩት።

ውኃው ጎመኔን፣ በሶብላዬን፣ ጤና አዳሜን፣ አፈሬን ጭምር ጠራርጎ ወደ ኾሩ ወሰደው። የዓመት ልፋቴ በአንድ ሰዓት ሄደ። ጭቃው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ግንቡ ግን አምስት ቀዳዳ ይዞ ቆመ፤ ቱንቢው አንድ ጣት አልተንቀሳቀሰም። ወዲያ ማዶ ውኃው ሲጎድል ሐጃ አሚና አልሐምዱሊላህ ሲሉ በቀዳዳው ሰማሁ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ፤ የሰፈሩ ኮሚቴ ጸሐፊም መጣ። የተጠሩት ለማመስገን እንዳይመስልዎ። ሩቀያ ናት ያስጠራቻቸው፤ ግንቡ ተቀዷል፣ የተቀደደ ግንብ እንደ ወደቀ ይቆጠራል ብላ። ዐብደልወሃብ መሬት መሬት ያያል። እኔ ልናገር ስነሣ ሐጃ አሚና ከነገመድ አልጋቸው ተሸክማችሁ አውጡኝ ብለው መጡ። ልጃቸውን አዩና፣ ያ ወለዲ፣ ይህች ሴት ግንቧን ለእኔ ቀደደች፣ አንተ ለእኔ ምን ቀደድክ አሉት። ቀጥለውም ለሽማግሌዎቹ፣ እኔም በዚህ ንብረት ድርሻ አለኝ፣ ጻፉ አሉ።

ተጻፈ። ከእንግዲህ ግንቡ ቢቆምም ቢወድቅም ድንበሩ መሠረቱ ነው። የአሸንዳው አፍ ይዞራል። አምስቱ ቀዳዳዎች ወንፊት ገብቶላቸው የውኃ መውጫ ሆነው ይቀራሉ። ዐብደልወሃብ ፈረመ፣ መላክ ፈረመች። ጸሐፊው ግንቡን በየዓመቱ የሚያድሰው ኃላፊ ማን ይባል ብሎ ጠየቀ። ዐብደልወሃብ ራሱ፣ ከእሷ ሌላ ማን አለ፣ እሷን ጻፍ፣ ባትጽፋትም እስከሚመጣው ኸሪፍ እዚሁ ቆማ ትጠብቅሃለች አለው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ጸሐፊው የቀለሙን ሰሌዳ አቀረበና ጣትሽን አምጪ አለኝ። ጣቴን አልሰጥም፣ ፊደል አለኝ አልኩት። እንግዲያው በዐረብኛ ጻፊ አለ። በራሴ ፊደል ነው የምጽፈው አልኩት። ማን ያነበዋል ቢለኝ፣ ማንም ባያነበው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል ብዬ ብዕሩን ከእጁ ወሰድኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ሁለቱንም ሆንኩበት።

ስለዚህ አባባ፣ አልመጣም። ለጥምቀት ልጠይቅዎ እመጣለሁ፤ ጉልበትዎን አሽቼ፣ ዓባይን ተቆጥቼ እመለሳለሁ። ለመቅረት ግን አልመጣም። በዚህ አገር አንድም ወረቀት ወራሽ አላለኝም። ጠባቂ ብሎኛል፤ ይበቃኛል። ከሰኔ በፊት ግንቡ አዲስ ምርጊት ይፈልጋል፣ ኾሩም ይጠረጋል፤ የፈረመ ሰው ትቶ አይሄድም።

አንድ ነገር ልጨምር። እርስዎ አርባ ዓመት ሙሉ ግንብ አቁመዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር፣ የትምህርት ቤቱን አጥር፣ የስንቱን ባለጸጋ ግቢ። በየበሩ ላይ የተቀረጸው ያሠራው ሰው ስም ነው። ልጅ ሆኜ ምሳ ሳመጣልዎ የእርስዎን ስም እየዞርኩ እፈልግ ነበር፤ አንድም ቦታ አላገኘሁትም። አሁን ግን ባላዩት ከተማ፣ ባልሠሩት ግንብ ወረቀት ላይ፣ በአማርኛ ፊደል የኔነሽ ጀምበሬ ተብሎ ተጽፎ ማኅተም ተመቶበታል። ይቆጡ እንግዲህ።

ለወንድሜ ለዓባይ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ሳትዘል አንብበህ ከሆነ ጥምቀት ላይ ጥሩ ጫማ አመጣልሃለሁ፤ ዘለህ ከሆነ አባባ ይነግሩኛል። ለሚስቱ ለሙላቷ፣ አባባን እንደ ወለደቻቸው አባት ስለምትይዝልኝ ጉልበቷን ስሜያለሁ በላት። ቃለአብንና ኤደንን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። መላክ አያቴ ሰላም ነህ ትላለች፤ አንቱ ማለት አልሆነላትም፣ አይቀየሟት፣ ፍቅሩ ሙሉ ነው። ሐጃ አሚናም ሰላም በዪልኝ ብለዋል።

ይህን የያዘችልኝ ነጋዴ ለመስቀል ትመለሳለች። በእጇ የጎመን ዘር፣ የበሶብላ ዘርና የጤና አዳም ዘር ላኩልኝ። ጠቅልላችሁ አታሳንሱ፤ አፈሩን መልሼ ሞልቼዋለሁ።

ቡራኬዎ አይለየኝ።

ልጅዎ የኔነሽ ጀምበሬ
ካርቱም፣ አርካዊት
ነሐሴ ፳፬ ቀን ፳፻፭ ዓ.ም.